አውራጅ ያጣ እንጉርጉሮ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት እትዬ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ደረጃ መውጣቱን እሺ አለዎት ወይስ አሁንም እንዳኮረፈ ነው? ጋሼስ እንዴት ናቸው? እናታችንስ፣ ጆሯቸው ቢደክምም እህል ይቀምሳሉ? ልጅዎስ? እኔን ከጠየቁኝ፣ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ቆሜ እሄዳለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ግን እርስዎን አልዋሽም።

ባለፈው በስልክ የእህትዎን እንጉርጉሮ ግጥም ይንገሩኝ ብዬ ስለምንዎት ግራ እንደገባዎት ከድምፅዎ አውቄአለሁ። የሚስቱ የመቃብር አፈር ሳይደርቅ ዘፈን አማረው ብለው እንዳይታዘቡኝ ነገሩን ከሥሩ ልጻፍልዎ።

እኔና እርሷ በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ አጣፊዎች እንደነበርን ያውቃሉ። ትልቅ አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ ጫፍ ይዞ ይወጥራል፣ ያራግፋል፣ ከዚያ እየተራመዱ መጥተው መሀል ላይ ይገናኙና ጫፉን ይቀባበላሉ። ሕፃኗ ልጃችን ያረፈችብን ጊዜ፣ እህትዎ ወደ ሥራ በተመለሰችበት ቀን፣ አንሶላውን እንደወጠርን ማንጎራጎር ጀመረች። "እንቅልፍሽ ረዘመ፣ ቀኑ መሸ ልጄ" አለች። እኔ ምን አውቃለሁ፣ አዝማቹን አስተማረችኝና "አለሁ፣ አለሁ፣ እደጅሽ አለሁ" እያልኩ ተቀበልኳት። ልጃችንን ያለቀስናት እንደዚያ ነው። እርሷ ታወርዳለች፣ እኔ እቀበላለሁ፣ መሀል ላይ እንገናኛለን፣ ጫፉን ትሰጠኛለች።

አሁን እርሷም የለችም፤ እንባም እምቢ አለኝ፣ እትዬ። በቀብሯ ቀን ያየኝ ሁሉ ልቡ ድንጋይ ነው ሳይለኝ አልቀረም። ለጸሎት እቆማለሁ፤ አፌ ይላል፣ ልቤ ግን ደረቅ ጉድጓድ እንደወረደ ባልዲ ባዶውን ይመለሳል። በእርሷ ቦታ የቆመው ሰው አፉ ስለማይዘጋ "ራዲዮ" ነው የምንለው። አንድ ቀን እርሱ ሲለፈልፍ፣ አንሶላውን ወጥረን ሳለ፣ ሳላስበው አዝማቹ ከአፌ ወጣ። ራዲዮ ሳቀና፣ ማን ጠራህና ነው አለሁ የምትለው አለኝ። ያን ጊዜ እንባዬ ወረደ። አለቃችን አይታኝ፣ አንተ ሰውዬ፣ አጥበን ያደረቅነውን መልሰህ ልትዘፈዝፈው ነው ብላ ልትቀልድ ሞከረች፤ ወዲያው ግን ፊቷን አዙራ ሄደች። ራዲዮም ያን ቀን እስከ ማታ ተዘጋ።

ታዲያ እንባው አዝማቹ ላይ ብቅ ይልና እዚያው ይቆማል። አውራጅ ሲጠፋ ተቀባይ ምን ይሁን? የለመንኩዎት ለዚህ ነበር። እርስዎ ግን፣ ከእናታችን የመጣው አዝማቹ ብቻ ነው፣ ሌላ ቃል የለውም፣ አውራጁ የሆዱን ያወርድበታል አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ከራሷ ሆድ እያወጣች ኖሯል። ይዛው ሄደች። ለእኔ የቀረችኝ ያቺው አንዷ ስንኝ ናት።

በጸሎት ያላለቀሰ ሰው በእንጉርጉሮ ቢያለቅስ ድፍረት ይሆንበት ይሆን ብዬ ፈጣሪን ጠየቅሁ። ትናንት ሁሉም ለምሳ ሲወጡ የአንሶላውን አንድ ጫፍ ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ሰቅዬ፣ ሌላውን ይዤ ቆምኩ። የወጣችልኝ ይህች ብቻ ናት፦

አንሶላው ረዘመ፣ ጫፉን ማን ይያዘው?

ከዚህ ወዲያ የለኝም። ሚስማር ደግሞ አይቀበልም።

ጋሼን ሰላም ይበሉልኝ፤ ያ ቀልዳቸው ናፍቆኛል። ልጅቱን ግንባሯን ይሳሙልኝ። የእናታችንን ጉልበት ይሳሙልኝና፣ አዝማችዎ ሩቅ አገር ደርሶ የአንድ ሰው እንባ አወጣ ብለው ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው ይንገሩልኝ። እርስዎ ደግሞ ስንኜን ድምፅዎን አውጥተው ያንብቧትና እዚያው ሆነው ይቀበሉኝ። እኔ አልሰማዎትም። ብቻ አንድ ሰው አለሁ ይበልልኝ።

የእህትዎ ባል
ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር 14 ቀን