ፊትሽን የሸፈነው ብረት

ልጄ የትናየት፣ በሄድሽበት ሁሉ እመቤቴ ከፊትሽ ትቅደም። እኔ ደህና ነኝ፤ ቤቱ ነው ዝም ያለብኝ።

ከባሕር ማዶ የላክሽውን የሶፍትቦል፣ የዚያን ኳስ በዱላ እየመቱ የሚሮጡበት ጨዋታ ካሴት ጌታሁን ቪዲዮ ቤት ሄደን አየነው። ኳስ ከምትቀልበዋ ልጅ ኋላ ፊቷን በብረት ሸፍና አጎንብሳ የቆመችውን ዳኛ ጎረቤቶቻችን «እሷ ናት?» ብለው ተጠራጠሩ። እኔ ግን ቡጢሽን አንስተሽ ሯጯን ከሜዳ ስታስወጪያት አወቅሁሽ፤ እጅ አነሳስሽ የአባትሽ ነው። አንድ ሰውዬ፣ የሯጯ አሰልጣኝ መሰለኝ፣ እየጮኸ ሲመጣብሽ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። አንቺ ግን ዞር ብለሽ ቦታሽ ላይ ቆምሽ። ደግ አደረግሽ።

አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሽምግልና ሲቀመጥ ብርድም ቢሆን ጋቢውን ከፊቱ ሳይገልጥ ፈርዶ አያውቅም። «የተፈረደበት ሰው የዳኛውን ዓይን ማየት አለበት» ይል ነበር። አንቺ ያን ብረት ያጠለቅሽው ኳሱ እንዳይመታሽ ይመስለኛል፤ በጨዋታው መሀል አውልቂው አልልሽም።

ግን አሁን ታነሳዋለች፣ አሁን ታነሳዋለች ስል ካሴቱ አለቀ። ከስተሽ ይሁን ወፍረሽ ሳላውቅ ብቻዬን ወደ ቤት ተመለስሁ።

እባክሽ ልጄ፣ ፊትሽን ገልጠሽ አንድ ፎቶ ተነሽልኝ። አምላክ በዓይነ ሥጋ እስኪያገናኘን፣ ከስተሽም ቢሆን ልይሽ።

እናትሽ ወለተ ሚካኤል፣ ከሰቆጣ