ለሁለት አንድ ኳስ

ውድ አላስዴር፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ሌላ አጀማመር ስለማላውቅለት ነው፤ በሌላ እንዳትተረጉመው። ቅዳሜ ለጠየቅከኝ ጥያቄ መልሴን ልጽፍልህ ነው። በቃል ብነግርህ መሀል ላይ ታቋርጠኛለህ።

ትከሻዬ የተሰበረ ጊዜ ያልከኝን ታስታውሳለህ? ገና ከሆስፒታል አልወጣሁም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠህ፣ ለእኔ ያመጣኸውን የወይን ፍሬ ራስህ እየበላህ፣ «እስክትድኚ ከክለቡ ካትሪናን ለጎልፉ ልዋሳት፤ ዋንጫው እንዳያመልጠን» አልከኝ። እኔም ሞኟ «ተዋሳት» አልኩህ። ብርዱ ሲገባ፣ የተዋስካትን ሳትመልስ ሻንጣህን ይዘህ ከቤታችን ወጥተህ እሷ ዘንድ ገባህ። እኔ አራት ዓመት የጎልፍ ዱላ አልነካሁም። ሰው ሲጠይቀኝ በትከሻዬ አሳብባለሁ። ትከሻዬማ በዚያው ዓመት ድኖ ነበር።

እኔና አንተ የምንጫወተው ለሁለት አንድ ኳስ ነበር። አንዱ ይመታል፣ ሌላው ካረፈችበት ይቀጥላል። አንተ በሙሉ ጉልበትህ ታስወነጭፋታለህ፤ እኔ ከእሾሁ፣ ከአሸዋው፣ ከባሕሩ ዳር ድንጋይ ሥር ፈልጌ አወጣታለሁ። የመጀመሪያዋን ምት ደግሞ ሁልጊዜ አንተ ነበርክ የምትመታት። ቦታው የክለቡ ትልቅ መስኮት ፊት ለፊት ነዋ! ሰው ሁሉ ሻዩን ይዞ ያያላ! ሃያ ዓመት ሙሉ እዚያ ቦታ ላይ ኳስ አስቀምጬ አላውቅም። ይህን ያስተዋልኩት ዘንድሮ ነው። በጣም ተናደድኩ፣ ከአንተ ይልቅ በራሴ።

መጋቢት ላይ ሽማግሌው ጊልክሪስት ዘንድ ሄድኩ። ሁለታችንንም በልጅነታችን ዱላ ያስጨበጠን እሱ አይደል? ደህና አድርጎ የታጨደ ሣር ላይ ኳስ አስቀመጠልኝና «በይ» አለኝ። ኳሷን ትቼ መሬቱን መታሁት። ደገምኩ፤ አሁንም መሬቱን።

«አንቺ ልጅ፣ ድንች ልትተክዪ ነው የመጣሽው?» አለኝ። «ከእሾህ ውስጥ ስታወጪ አገር የሚያደንቅሽ ሴት፣ ደህና ሣር ላይ ምን ነካሽ?»

«ደህና ሣር የት አውቄ!»

መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን ተወው። «ልታተርፊያት ነው የምትጣደፊው» አለኝ። «ምንም አልሆነችም እኮ! ዝም ብለሽ ምቻት።»

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ዝናብ ሳልል ነፋስ ሳልል እጄ እስኪላጥ ተለማመድኩ። መቸኮሌን ተውኩ። ኳሷም ቀስ በቀስ ወዳየሁበት መሄድ ጀመረች።

ቅዳሜ በስሜ ለብቻዬ ውድድር ገባሁ። መስኮቱ ውስጥ መሆንህን አይቻለሁ። ኳሷን አስቀምጬ መታሁ። ከፍ አላለችም፣ ቀጥ ብላ ሄዳ ሣሩ መሀል አረፈች። ከዚያ ምን እንዳደረግኩ ታውቃለህ? ኳሷ ዘንድ ደርሼ ዱላዬን ተደግፌ ዳር ቆምኩ። አብራኝ የምትጫወተው የዳቦ ቤቷ ኢሶቤል ጥቂት ጠበቀችና፣

«ኤልስፔት፣ ማንን ነው የምትጠብቂው?» አለችኝ። «ተራው ያንቺ ነው፤ ሌላ ሰው የለም እኮ!»

አንተን ነበር የምጠብቀው። ሳቅ ብዬ አለፍኩት፤ ውስጤ ግን እንደ ሬት መረረ።

ጨዋታው ሲያልቅ ቢራህን ይዘህ መጣህ። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አያችሁ፣ ያስተማርኳት አልጠፋም!» አልክ። ከዚያ ወደ ጥግ ሳብ አደረግከኝና ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ «ካትሪናን ጉልበቷ ከድቷታል። የመስከረሙን ዋንጫ እኔና አንቺ እንደ ድሮው ብንሞክረውስ? እንዳንቺ ከእሾህ የሚያወጣኝ የት አገኛለሁ?» አልከኝ። ላስብበት አልኩህ።

እውነቱን ልንገርህ፤ ምንም የማስበው ነገር አልነበረኝም። ደስ ብሎኝ ነበር። ያ ሁሉ ወር የለፋሁት ለዚች ቀን ይሆን እንዴ ብዬ አፈርኩ፣ ግን ደስ ብሎኛል። ቤቴ ገብቼ ድሮ አብረን ስንጫወት የምለብሰውን ሰማያዊ ሹራብ አጠብኩ። ሰኞ ጠዋት ክለቡ ሄጄ ለጸሐፊዋ ለወይዘሮ ፒሪ፣ «እኔንና አላስዴርን ይመዝግቡን» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ከተመዘገባችሁ እኮ ሰነበተ! ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ እሱ አስመዝግቧችኋል። ለኤልስፔት ነገርካት ወይ ስለው፣ ‹እሷ መች እምቢ ታውቃለች› አለኝ።»

ባለፈው ሳምንት። ሳትጠይቀኝ። ከቅዳሜው ጨዋታዬ በፊት፣ ደህና ልምታ መጥፎ ልምታ ሳታይ። አንተ የፈለግከው ጨዋታዬን አልነበረም፤ እሾህ ውስጥ የምትገባልህን ሴት ነው።

ወይዘሮ ፒሪን ስሜን እንዲያወጡልኝ ለመንኳቸው። አወጡልኝ። የአንተስ ስም ይውጣ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ «እሱን ራሱን ይጠይቁት፤ መጠየቅ ጥሩ ነው» አልኳቸው።

ለካትሪና «ጉልበትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ» በልልኝ፤ ከልቤ ነው። ለአንተ ግን፣ ሃያ ዓመት ያልሰማኸኝን ቃል ይኸው ፈርሜበት ልኬልሃለሁ፦

እምቢ።

ኤልስፔት