በሚካኤል ዕለት የፈታሁት ወፍጮ

ይድረስ ለወንድሜ ለመቶ አለቃ ደሳለ፣

እንደምን ሰንብተሃል ወንድምዬ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ሕመም ለቀቀህ ወይስ ዛሬም ከኦራል ሥር ስትወጣ እንደ ሽማግሌ ታቃስታለህ? ፋናስ እንዴት ናት? ልጆቹስ አደጉ? የነጌሌ ሙቀትስ እንዴት አድርጓችኋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ጉልበቴን ከማለቷ በቀር ደህና ናት፤ ጉልበቴን እያለችም ቤተ ክርስቲያን ቀርታ አታውቅም። ከብቱም ጎረቤቱም ደህና ነው። የሙጃ ብርድ ግን ዘንድሮ ጥርስ አውጥቷል፤ ከብርድ ልብስ መውጣት ራሱ ጀግንነት ሆኗል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክ ስለዋሸሁህ ነው። ይኸው፣ ወጣልኝ። ኅዳር ሃያ አራት ቀን ደውለህ «ሸጌ፣ ውሌ በጥር መጨረሻ ያልቃል፤ ሰባት ዓመት ልጨምር ወይስ እንዳንቺ ልውጣ? ሲቪል ኑሮ እንዴት ነው?» ብለህ ስትጠይቀኝ፣ «ምኑን ትጠይቀኛለህ፣ ሰዉ ሻምበል እያለ ያከብረኛል፣ ወፍጮው በር ላይ ሰልፉ አያልቅም፣ ዝም ብለህ ና» አልኩህ። አንተም እየሳቅህ «ሸጌ ተመችቷታል» ብለህ ለፋና ስትነግራት ሰማሁ። በዚያን ቀን ወፍጮው በር ላይ እንኳን ሰልፍ፣ እህል የምትለቅም ዶሮ አልነበረችም። ጥር ሳይደርስ እውነቱን ካልነገርኩህ የልጆችህን እንጀራ በውሸቴ ላይ አስቀመጥኩት ማለት ነው። ስለዚህ ተቀመጥና አንብበው።

ከመጀመሪያው ልጀምርልህ። ከሠራዊቱ ስሸኝ የሰጡኝን የምስክር ወረቀት ይዤ መጀመሪያ የወረድኩት ላሊበላ ነው። አንድ ሆቴል የጄኔሬተርና የመኪና ኃላፊ ይፈልጋል ተብዬ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቴን ገልብጦ ገልብጦ አየና፣ «እህቴ፣ ለስንት ሰው ነበር ምግብ የምታበስሉት?» አለኝ። እኔን! ሰማንያ መካኒክ የመራሁትን፣ ስንቱን ታንክ ከጭቃ ያወጣሁትን! ወረቀቴን ነጥቄው ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ነው የሙጃ ገበሬዎች ማኅበር ለናፍጣ ወፍጮው ኃላፊ ሲፈልግ ያገኘኝ። ወፍጮ ምን አላት፣ አንድ ሞተርና ሁለት ድንጋይ ብዬ ነበር የገባሁት። ምላሴን በቆረጠው።

ወፍጮውን ሃያ ሁለት ዓመት ሲያስነሱና ሲያቆሙ የኖሩት ጋሽ እንግዳው ናቸው። ታውቃቸዋለህ፣ አባታችን ሲሞት ድንኳኑን ከፊት ሆነው የተከሉት። ማንበብና መጻፍ አይችሉም፤ ሞተሩ ሲያስል ግን ቤታቸው ተቀምጠው ይሰሙታል። እኔ ደግሞ እንደለመድነው የጥገና መርሐ ግብር አወጣሁ፤ ዘይት በዚህን ያህል ሰዓት፣ ቺንጋ በዚህን ያህል ሰዓት፣ በየወሩ ሙሉ ፍተሻ። የመጀመሪያውን ፍተሻ ያደረግሁት በገበያ ቀን ነው፤ እኔ ያየሁት ሰዓቱን እንጂ ገበያውን አልነበረም። የሦስት ሰዓት መንገድ ገብስ ተሸክመው የመጡ ሴቶች «ወፍጮው ታሟል እንዴ?» ቢሉኝ፣ «አልታመመም፣ እንዳይታመም ነው» አልኳቸው። የወረደብኝን እርግማን አልጽፍልህም፣ ጾም ነው።

ከዚያ እህል የማይመጣበት ቀን ፈለግሁ። በኅዳር ሚካኤል ማን ሊያስፈጭ ይመጣል? ብልጠቴን አየህልኝ! እኛ ጋራዥ መስቀልም ሆነ ገና ኮፈን እንከፍት አልነበር? ለጋሽ እንግዳው «ጠዋት ይግቡ» አልኳቸው። «ልጄ፣ በሚካኤል መፍቻ አልጨብጥም» አሉኝ፣ ቀስ ብለው። «ትእዛዝ ነው» አልኳቸው። ትእዛዝ! ለአባቴ ጓደኛ!

ሚካኤል ነጋ፤ እሳቸው አልመጡም። ለብቻዬ ገብቼ ፈታሁት። ኩሽኔታው ከዘንጉ አልወጣ ቢለኝ በመዶሻ ቀጠቀጥኩት። ለካ ታቦቱ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን እየዞረ ኖሯል፤ የእኔ መዶሻ ከዝማሬው እኩል ይሰማ ነበር አሉ። እኔ ምን ሰምቼ! ስጨርስ ደግሞ ወረቀት አወጣሁና «አቶ እንግዳው ያለ ፈቃድ ከሥራ ስለቀሩ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸዋል» ብዬ ጽፌ፣ ማኅተም አድርጌ በሩ ላይ ለጠፍኩት። በማግስቱ ሲመጡ ወረቀቱን አዩና «ምን ይላል?» ብለው የቆመውን ሰው ጠየቁ። አንዱ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። የወፍጮ ቤቱን ቁልፍ ደጃፉ ላይ አስቀምጠው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቁና እህል አልመጣም። ሞተሩ እንደ አዲስ ነው፣ አያጨስ፣ አያስል፤ ሰዉ ግን በሚካኤል የተፈታ ወፍጮ ዱቄቱ አይባረክም አለ። ሴቶቹ አህያቸውን እየነዱ በደጄ አልፈው ቆላ ወዳለው ወፍጮ ይወርዱ ጀመር። አብራኝ ያደገችው ይማርሽ እንኳ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ታልፈኛለች። ይህም ይሁን። አንድ ቀን ቤት ስገባ ጓዳ ውስጥ ከእኔ ወፍጮ ያልወጣ ዱቄት አገኘሁ። እማዬ ራሷ! ተደብቃ ቆላ ልካ አስፈጭታለች። ብጠይቃት፣ «ልጄ፣ አንቺን እወድሻለሁ፤ ሚካኤልን ደግሞ እፈራለሁ» ብላኝ እርፍ። ያን ዕለት አለቀስኩ። አንተ የደወልክልኝ በማግስቱ ነው። እውነቱን ልነግርህ አፌን ስከፍት ውሸቱ ቀደመኝ፤ ታናሽ ወንድሜ እንዲያዝንልኝ አልፈለግሁም።

መጀመሪያ የተናደድኩት በሰዉ ነው። ባላገር ምን ያውቃል ብዬ፣ እኔው የባላገር ልጅ። ቆይቶ ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ለአንተም የሚሆንህ ይሄ ነው። እዚያ «ይሠራ» ስል የሚሠራው እኔን አምኖ ነው ብዬ አስብ ነበር። ትከሻዬ ላይ ያለው ነው የሚናገርልኝ የነበረው። የመጨረሻዎቹን ስምንት ዓመታት ፈረምኩ፣ አዘዝኩ፣ ቀጣሁ፤ «ምን ይመስልዎታል?» ብዬ ሰው ጠይቄ ግን አላውቅም። ማዕረጉን መልሼ ስመጣ፣ ጩኸቱን ይዤው መጣሁ። አንተም እንደምትጮህ አውቃለሁ፤ አትካድ፣ የእኔው ተማሪ ነህ።

ሲጨንቀኝ ለመናዘዝ ወደ መምሬ ወልደ ኪዳን ሄድኩ። ስለ ሚካኤል ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ስጠብቅ፣ ስግደት አዘዙኝና፣ «በዓሉን መሻርሽን እሱ መሐሪ ነው፣ ይቅር ይልሻል። ሰውየውን በሩ ላይ መለጠፍሽን ግን እኔ አልፈታልሽም፤ እሱ ዘንድ ሂጂ» አሉኝ። እኔ እኮ ወረቀቱን ከነጭራሹ ረስቼው ነበር፤ ሕግ ነው ብዬ።

ሁለት ሽማግሌ ለምኜ፣ እንደ አገራችን ወግ ድንጋይ ተሸክሜ ጋሽ እንግዳው ደጅ ቆምኩ። አዎ፣ እኔ ሻምበሏ! ሳቅ፣ ሳቅ። እሳቸው ግን ቶሎ አልወጡም፤ አንገቴ እስኪደነዝዝ ቆየሁ። በኋላ ወጡና ድንጋዩን አይተው፣ «ምነው፣ ተራራውን ነቅለሽ ነው እንዴ የመጣሽው? አውርጂው፣ ነገ ወገቤን ልትይ ነው» አሉኝ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ሰበሰቡት። ይቅር ማለቱንስ ይቅር እላለሁ፣ ነገር ግን ወረቀቱ የተነበበው ሰው ፊት ነው፤ ይቅርታውም እዚያው ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ፣ በገበያ ቀን፣ ጮክ ተብሎ ይነገር አሉ። ሽማግሌዎቹም ፈረዱልኝ ሳይሆን ፈረዱብኝ።

ገበያው ሲቆም በሩ ላይ ወጣሁ። ሰማንያ ሰው አሰልፌ ስጮህ የኖርኩ ሴት፣ ያን ቀን ግን ቀስ ብዬ «ጋሽ እንግዳው አላጠፉም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩና ወረቀቱን ቀድጄ ወረድኩ። ከኋላ አንዲት ሴት «አልሰማንም!» አለች። ደግሜ ተናገርኩ። ጋሽ እንግዳው ቁልፉን ተቀብለው ሞተሩን አስነሱት፤ የመጀመሪያውን ገብስ ያፈሰሱትም ባለቤታቸው ናቸው። ፍተሻውን መቼ እናድርገው ብዬ ያን ጊዜ ነው ሴቶቹን የጠየቅሁት። «ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ማን ይመጣል?» አሉኝ በአንድ አፍ። ይኸው ነው፤ ሁለት ወር ያጣሁት መልስ የአንድ ጥያቄ መንገድ ነበር።

አሁንም ሁሉ አማረ ብዬ እንዳልዋሽህ። ከሰዉ እኩሌታው ገና ቆላ ይወርዳል። የማኅበሩ ኮሚቴ ከጥር በኋላ ያቆየኝ አያቆየኝ አልቆረጠም። ሻምበል ብሎ የሚጠራኝ የለም፤ «የወፍጮዋ ሸጌ» ነኝ። ደመወዙ ከሠራዊቱ ያንሳል። ጋሽ እንግዳው የሞተሩን ድምፅ እያሰሙ ያስተምሩኛል፤ ስሳሳት ይስቁብኛል፤ እኔም መሳቅ ጀምሬያለሁ። የሚያስከፋኝ ቀን አሁንም አለ፤ እንደ አንድ ወር በፊቱ ግን አይደለም። የማውቀው ይህን ብቻ ነው። ወጥተህ የምትመጣ ከሆነ እጅህን ይዘህ ና፤ እጅህ ወርቅ ነው። ትእዛዙን ግን እዚያው ለተተኪህ አስረክብ። ብትፈርምም አልቀየምህም፤ ሠራዊቱ አብልቶ አሳድጎናል።

ፋናን ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ በአንተ አፍ ስለዋሸኋት ይቅር ትበለኝ። ለትልቁ ለአሸናፊ፣ ትምህርቱን እንዲበረታ ንገረው። ትንሿን ወለተ ሩፋኤልን ሳላያት ጥርስ አወጣች አሉ፤ በእኔ ስም ነክሰህ ሳማት። ጋሽ እንግዳው «ያ ድንኳን ስንተክል ካስማ ያቀበለኝ ልጅ» ብለው ሰላም ብለውሃል። ይማርሽም ሰላም ብላሃለች፤ አዎ፣ ታርቀናል። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ይህን ሁሉ ምን እንደምጽፍ ሳታውቅ፣ «ና በይልኝ፣ ሳልሞት ልየው በይልኝ» ትላለች። ብዬሃለሁ፤ ቃሉ የእሷ ነው። እኔም ናፍቀኸኛል፣ ደሳለ፣ በጣም። ግን እኔ ና አልልህም። አንድ ጊዜ ና ብዬህ ዋሽቻለሁ። ይህን ሁሉ አንብበህ ከመጣህ፣ ያኔ ወንድሜ እውነቱን አውቆ መጣ ብዬ እስከ ላሊበላ ወርጄ እቀበልሃለሁ።

እህትህ ሸጌ
ሙጃ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2012 ዓ.ም.