ሚክዳድን የሚጦሩት ሦስት «ልጆች»

ለተከበሩ የቤተሰብ ችሎት ዳኛ
ድሬዳዋ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ሙቀቱ እንዳይጎዳዎ፣ የችሎቱም ቬንቲሌተር እንዳይቆምብዎ ከልብ እመኛለሁ። ሳቢሪን አብዱሰመድ እባላለሁ፤ ከሚክዳድ ጋር ተፋትቼ ለሰባት ዓመቷ ልጃችን ለኑርሀን ቀለብ እንዲቆረጥላት አመልክቼ በቅርቡ በፊትዎ የተረታሁት የሳቢያን ነዋሪ ነኝ። ኑርሀን መነጽር ካልተገዛላት ሰሌዳ አይታያትም። ይህን በችሎት አስረድቼ ስለነበር ደግሜ አላደክምዎትም፤ ምስጋናዬን ብቻ በቅደም ተከተል ላቅርብ።

፩. ሚክዳድ ሥራ የለኝም ብሎ ሲምል፣ እኔ በሰው ስም ያስመዘገባቸው ሦስት ባጃጆች እንዳሉት ለማስረዳት እሱ ራሱ በቲክቶክ የለቀቀውን ቪዲዮ በስልኬ ይዤ ብቀርብ፣ ችሎቱ ስልክ አያይም፣ ቪዲዮው ከነንግግሩ በወረቀት ታትሞ ይቅረብ ስላሉኝ አመሰግናለሁ። ቪዲዮ እንደሚታተም እስከዚያ ቀን ድረስ አላውቅም ነበር። ሚክዳድ ተደግፏቸው የሚታዩት ባጃጆች በፎቶ ኮፒው ላይ ጥላሸት መስለው ወጡ፤ የሚነበብ ሆኖ የቀረው ንግግሩ ብቻ ነው።

፪. ንግግሩም ይኸው፦ «ሦስቱ ልጆቼ ወላሂ ጠዋት ቀፊራ ገበያ ወርደዋል፤ ማታ ይዘውልኝ ይገባሉ። እኔ ምን አለብኝ?» ክቡርነትዎ፣ እኛ ሰፈር ባለ ባጃጅ ሁሉ ባጃጁን «ልጄ» ነው የሚለው። ይህንኑ ላስረዳ እጄን ባወጣ፣ ማስረጃው ራሱ ይናገራል ብለው አስቀመጡኝ። ከዚያም «ተጠሪ ገበያ ውስጥ የሚለፉ ሦስት ልጆቹ የሚጦሩት ችግረኛ መሆኑን ከራሷ ከአመልካች ማስረጃ ተረድተናል» ብለው የቀለብ ጥያቄዬን ውድቅ አደረጉት። በዚህም የሠላሳ አራት ዓመት ጎረምሳ ተጧሪ ሆኖ ከችሎት ወጣ። ለመሆኑ ሦስት ልጆች ቀፊራ እየለፉ አባታቸውን የሚያበሉ ከሆነ፣ ዕድሜያቸው ስንት ነው ብሎ መጠየቅ የማን ሥራ ነበር?

፫. ሦስተኛውን በጨዋ ቋንቋ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ አንገፍግፎኛል። ሚክዳድ ፍርዱን ሰምቶ ሲወጣ ከሳቁ ብዛት ግድግዳ ይዞ ነበር። በዚያው ዕለት ውሳኔዎን ቃል በቃል በቲክቶክ አነበበው፤ ተከታዮቹም «ልጆችህን ያሳድግልህ» እያሉ ጻፉለት። ኑርሀንን ያነሳት አንድም ሰው አልነበረም። እርስዎ ስሟ የተጻፈበትን መዝገብ እያዩ፣ እነሱም ውሳኔውን እየሰሙ፣ ልጅቷን አላያችኋትም፤ ያንገፈገፈኝም ይኸው ነው።

ከወረቀት በቀር ሌላ ነገር ለማየት ፈቃደኛ ላልሆኑት ዓይኖችዎ ጤናና ረጅም ዕድሜን እየተመኘሁ፣ ስለ ትዕግሥትዎ፣ ከሁሉም በላይ እኔን ስላስቀመጡበት ፍጥነት ታላቅ አክብሮቴን አቀርባለሁ።

ሳቢሪን አብዱሰመድ
በባጃጅ የተረታች እናት

ተጨማሪ፦ ኑርሀን በፍርድ ቤት የታወቁ ሦስት ወንድሞች እንዳሏት ከጎረቤት ሰምታ፣ አባቷ እነሱንስ ይንከባከባቸው እንደሆነ ጠየቀችኝ። መዋሸት ስላልፈለግሁ፣ በየማታው በገዛ እጁ እንደሚያጥባቸው ነገርኳት።