ምንም አልተገኘም

መስከረም 22

ዳቦ ገዝቼ ተመለስኩ። ጉልበቴ ደረጃው ላይ ለገመ። ኮማንዶ ሆኖ ከአውሮፕላን አርባ ሁለት ጊዜ የዘለለ ጉልበት አሥራ አራት ደረጃ አቃተው…

የሥራ ዘመኔን ትዝታ የጻፍኩበት መጽሐፌ ከወጣ ወር ሞላው። አሳታሚው ደወለ። «ወደ ሁለተኛ እትም ልንገባ ነው። የሰዓት ሠሪው ምዕራፍ ሰዉን አሳብዶታል» አለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ባለቤቴ ፊቴን አይታ፣ «ደግሞ ማን ሞተ?» አለች።

መስከረም 25

ለራሴ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። ሰዓት ሠሪው ምንም አላደረገም። ከኮማንዶነት በኋላ ስለላ ክፍል ገብቼ ነበር። በሐሰት ስም፣ መምህር ነኝ ብዬ ከሱቁ ፊት ለፊት ቤት ተከራየሁ። ስምንት ወር። ዳማ እንጫወታለን፣ ቤቴ ገብቼ ስለ እሱ ሪፖርት እጽፋለሁ። የመጨረሻው ሪፖርት ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ «ሰውየው ሰዓት ይሠራል። ሌላ ሥራ የለውም። ምንም አልተገኘም።» በማግስቱ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወርኩ። ደህና ሁን እንኳ አላልኩትም።

አሳታሚው ረቂቁን አንብቦ ምን አለ? «ጀግናው ስምንት ወር ቁጭ ብሎ ምንም ካላገኘ ማን ይገዛዋል?» እኔም በአንድ የኪስ ሰዓት ሆድ ውስጥ የጠላት ወረቀት ከተትኩ። በብዕሬ። ሰላይ አደረግሁት።

ስሙን ቀይሬያለሁ። የሚያነክሰውን እግሩን ግን ጻፍኩት፣ ሰማያዊ በሩንም፣ ሰፈሩንም… ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ምልክት ስመዘግብ ኖሬ ምልክት መደበቅ ከየት ልማር?

መስከረም 28

ባለቤቴ ሰዓቷን ላሠራ ብላ ወደዚያ ሄደች። ሰዓቷ ደህና ነው። እኔን ልትሰልል ነው የሄደችው።

«ሱቁ ጭር ብሏል» አለችኝ። «ሰው በመስኮት አይቶት ያልፋል። አከራይዋ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ልቀቅ ብለውታል። እንኳን ደስ አለህ፣ ደራሲ።»

ጥቅምት 1

ሦስት ጊዜ በበሩ አለፍኩ። በአራተኛው ገባሁ። ማጉያውን ከዓይኑ ሳያወርድ፣ «መምህር፣ ተቀመጥ» አለኝ።

«መምህር አይደለሁም።»

«አነበብኩት እኮ። ልጄ ናት የገዛችልኝ… የጠፋህ ሰሞን ታሞ ይሆናል ብዬ ሆስፒታሉን ሁሉ አዳረስኩት። እንደዚህ የሚባል ሰው የለም ይሉኛል። ለካ እውነታቸውን ነው።»

ምን ይባላል? ይቅርታ አልኩ። ቃሉ አነሰብኝ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ነኝ። ከዚህ ወጥቼ የት እገባለሁ?» አለ። ማጉያውን ከዓይኑ አወረደና፣ «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ዳማ ስትሸነፍልኝ… ሥራህ ሆኖ ነበር?»

«አይደለም። የምሬን ነው የተሸነፍኩት።»

ራሱን ነቀነቀና ወደ ሥራው ዞረ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ጥቅምት 4

የድሮ መሥሪያ ቤቴ ሄድኩ። በስንት ቁጣ ያሠለጠንኩት ልጅ ዛሬ ኃላፊ ሆኗል፣ ቦርጩ ቀድሞታል። የመጨረሻዋን ሪፖርት ቅጂ ለመንኩት።

«አይቻልም አለቃዬ። ምስጢር ነው።»

«ምንም አልተገኘም የሚለው?»

«እሱው።»

«ታዲያ መጽሐፌን ለምን አሳለፋችሁት?»

«እሱማ ውሸት ነው። ውሸት መቼ ምስጢር ሆኖ ያውቃል?»

ሻይ ጋበዘኝ። መጽሐፉ ላይ አስፈረመኝ።

ጥቅምት 9

የመጽሐፍ ውይይት ነበር። አዳራሹ ሙሉ። ተነስቼ፣ «የሰዓት ሠሪው ነገር ውሸት ነው፣ ከራሴ ነው የፈጠርኩት» አልኩ። እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አጨበጨቡ… አንድ ሽማግሌ እጄን ጨብጠው፣ «ዛሬም የአገር ምስጢር አሳልፈው አይሰጡም፣ ተባረኩ» አሉኝ። አሳታሚው በደስታ ሊበር ደረሰ።

ሃያ ሁለት ዓመት እውነት ጻፍኩ፣ መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። አንድ ጊዜ ዋሸሁ፣ አገር አመነኝ።

ጥቅምት 12

ሪፖርቱን ከጭንቅላቴ ገለበጥኩት። ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ሦስቱንም መስመር። ከታች ሙሉ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።

«ጡረታህን ይከለክሉሃል» አለች ባለቤቴ።

«ሊያስሩኝም ይችላሉ።»

«እንግዲያው ወፍራም ካልሲ ልግዛልህ።»

ሰዓት ሠሪው በሩ ላይ ለጠፈው። አከራይዋ አነበቡት፤ «ደራሲ ምን የማይጽፈው አለ?» ብለው ሄዱ። እንዲህ ነው።

ጥቅምት 23

ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ክስ ነው። «…ስለ ሰዓት ሠሪው የተጻፈውን ምስጢራዊ ሪፖርት ቃል በቃል ለሕዝብ ይፋ በማድረግዎ…»

ቃል በቃል! ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በዚህ ጉልበቴ አከራይዋ ቤት ድረስ ሮጥኩ።

መነጽራቸውን አደረጉ። ማህተሙን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። አሸት አደረጉት።

«ቃል በቃል ነው የሚለው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ይህን ቀድመው አያመጡም ነበር?» አሉኝ ተቆጥተው። «ሰውየውን ያለ ኃጢአቱ ላስወጣው ነበር እኮ።»

ጥቅምት 30

ሱቁ አልተዘጋም። ክሴ ከሪፖርቱ ጎን ተለጥፏል፤ ሰው የሚያነበው ክሱን ነው። ዛሬ አምስት ሰው ሰዓት አስገባ። ሁለተኛው እትም እንዳይታተም ከለከልኩ። አሳታሚው አኩርፎኛል።

ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ለምርመራ እቀርባለሁ። ፈርቻለሁ፣ ምን እደብቃለሁ? ሰዓት ሠሪው አብሬህ ልሂድ አለኝ።

«ተው። ከእኔ ጋር ካዩህ አንተንም ይጽፉሃል።»

«ይጻፉና» አለ። ከዚያ በስሜ ጠራኝ። በእውነተኛው።