ያላረምካቸው አርባ ሦስት ወረቀቶች

ውዴ ግርማ፣

ከተለየኸኝ ነገ አራት ወር ይሞላል። እንዴት ከርመሃል ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ ለምዶ ነው። እኔ ደህና አይደለሁም። ፈርቻለሁ። ብታየኝ ትስቅብኝ ነበር፤ አንቺ አይጥ እንጂ ሰው አትፈሪም ትለኝ ነበርና።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። የሳሎኑ ቬንትሌተር ተቃጥሎ ሌላ ገዛሁ፤ ያለ እሱ የሰፈራችን የሳቢያን ሙቀት አይቻልም። እህትህ እስከ አርባህ አብራኝ ቆይታ ወደ ሐረር ተመለሰች። እኔም በማግስቱ ወደ ፋብሪካዬ ተመለስኩ። ያው ሸሚዝ እፈትሻለሁ፤ ስፌቱ የተዛባበት ላይ ቀይ ምልክት እለጥፍና ወደ ኋላ እመልሳለሁ። ስልክህን አልዘጋሁትም። ቻርጅ እያደረግኩ መስኮቱ ላይ አስቀምጠዋለሁ። መዘዙን ያመጣብኝም እሱ ነው።

ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ጮኸ። ሆዳን ነኝ አለች፤ አስረኛ ክፍል ታስተምራት የነበረችው፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለችው የጨርቅ ነጋዴው ልጅ። ስለ ድርሰቷ አንድ ነገር ልትጠይቀኝ ቅዳሜ አስር ሰዓት ላይ እንደምትመጣ ነገረችኝ። እሺ አልኳት። ስልኩን እንደዘጋሁ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

ያደረግኩትን አታውቅም። ልንገርህ።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ መነሻው አንተ ነህ። በሰፈራችሁ የሚነገር አንድ ታሪክ ጻፉ፤ የትኛው በእርግጥ የሆነ፣ የትኛው ተራኪው የጨመረበት እንደሆነ ለዩ ብለህ ያዘዝካቸውን ድርሰት ማለቴ ነው። ታሪክና ሥነ ጽሑፍ አጥር የሚጋሩ ጎረቤቶች ናቸው ትል ነበር። አርባ ሦስት ወረቀት ይዘህ ገባህ፤ በሳምንቱ ከአልጋ መነሳት አቃተህ። ከትምህርት ቤት ሲደወልልህ አርሜ ጨርሻለሁ አልካቸው። አጠገብህ ነበርኩ፤ አንዱንም አልነካህም። ክፍልህን ለሌላ መምህር እንዳይሰጡብህ ፈርተህ እንደሆነ ስለገባኝ ዝም አልኩ።

ከቀብርህ በኋላ፣ ድንኳኑ ሳይነሳ፣ ባልደረባህ ወረቀቶቹን ሊወስድ መጣ። ለቀስተኛው ሁሉ ይሰማል። አልታረሙም ብል አንተን በቁምህ ያልተባልከውን ውሸታም ማስባል ሆነብኝ። ከነገ ወዲያ ና አልኩት። ከዚያ መኝታ ቤቱን ዘግቼ ሁሉንም በቀይ እስክሪብቶህ አረምኳቸው። ፊርማህንም አስመሰልኩ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ያየሁት ፊርማ ነው፣ አልከበደኝም።

ግን እኔ ሸሚዝ ፈታሽ ነኝ። የማውቀው እንከን መፈለግ ብቻ ነው። በንጹሕ እጅ የጻፈ ሁሉ አሥራ ሰባት አሥራ ስምንት አገኘ። የሆዳን ወረቀት ስርዝ ድልዝ የበዛበት ነበር። አያቷን በሶማሊኛ «አዬዮ» እያለች ስለጻፈች በየመስመሩ አሰመርኩባት። ታሪኩም አልገጥም አለኝ። አያቷ ደቻቱ የሞላ ቀን ከጎርፉ እንዴት እንደተረፈች ስታወራ፣ አንዴ ግመል አወጣኝ ትላለች፣ አንዴ የባቡር ሠራተኛ፣ አንዴ ደግሞ የዛፍ ግንድ። እርስ በርሱ ይጋጫል ብዬ ከሃያው ስድስት ሰጠኋትና እንደ ሸሚዙ ወደ ኋላ መለስኳት።

ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ እንዴት እንዳለፈ አትጠይቀኝ። ሐሙስ ዕለት ኮሌታው የተጣመመ ሸሚዝ አሳልፌ አለቃዬ ጠርታ ምን ሆነሻል አለችኝ። አባቷን ይዛ ብትመጣስ? ርዕሰ መምህሩ ጆሮ ቢደርስስ? እኔንማ ማን ያውቀኛል፤ የሚነሳው የአንተ ስም ነው። ሳያነብ ማርክ የሚሰጥ መምህር ነበር ሊሉህ ነው። ስለዚህ ውሸት አዘጋጀሁ። ሲያርም በጣም ታሞ ነበር፣ አትፍረጂበት ልላት አሰብኩ። ልብስ እያጠብኩ ሳይቀር ተለማመድኩት።

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ ቅዳሜ ደረሰ። ባጃጁ በር ላይ ሲቆም ብቻዋን ወረደች። ወረቀቷን በላስቲክ ክላሰር ይዛለች። የሰጠኋትን ውሃ ጠጥታ ጨረሰች።

«ማርክ አስጨምሪልኝ ልልሽ አይደለም የመጣሁት» አለችኝ። «ቲቸር ይሄን ወረቀት አንብቦት ነበር?»

ውሸቱ አፌ ላይ ነበር። ግን አዎ ካልኩ ስድስቱ የአንተ ሊሆን ነው። ያችን ልጅ ስድስት ብለሃት የሞትክ አንተ ልትሆን ነው። ከመጋለጥ ይልቅ ያ አስፈራኝ።

«አላነበበውም። ያረምኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

አልደነገጠችም። ለካ ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። አንተ ድርሰት ስትመልስ ከግርጌው አንድ ጥያቄ ሳትጽፍ መልሰህ አታውቅም አሉ፤ እኔ ይህን በምን ላውቅ። አርባ ሦስቱ ወረቀት ሲታደላቸው አንዱም ላይ ጥያቄ የለም። አንዱ የሌላውን ወረቀት አየ፤ ለወላጅም ለመምህርም ላይናገሩ ተስማሙ። እኔ እንዳላፍር ብለው ነው። አራት ወር ሙሉ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ መንገድ ላይ ሰላም ሲለኝ ቀና ብዬ ስመልስ ነበር።

ከዚያ አለቀሰች። እሷ ወረቀቷን ከሁሉም ቀድማ በማስረከቢያው ዋዜማ ነበር የሰጠችህ፤ ምናልባት የኔን ብቻ አንብቦት ይሆናል የሚል ተስፋ ነበራት። እኔ ደግሞ ያንኑ ገደልኩባት። ላባብላት ፈለግኩ፣ ግን በምን አፌ።

ወረቀቷን ለምኛት ትታልኝ ሄደች። እንከን ሳልፈልግ አነበብኩት። መጨረሻው ላይ ምን ብላ ጽፋለች መሰለህ፤ አያቷ አዳኟን እየቀያየረች የምታወራው ያን ቀን እጇን ይዞ የነበረውን፣ ጎርፉ የወሰደውን ወንድሟን ላለማንሳት ነው ትላለች። ግመሉም፣ የባቡር ሠራተኛውም፣ ግንዱም አሉ፤ ወንድሟ ግን በየትኛውም ላይ የለም። እኔም ለለቀስተኛው ሁሉ፣ ሥራውን ጨርሶ ነው የሞተው እያልኩ ከርሜያለሁ። ያን የወረቀት ክምር አይተህ ፊትህን ወደ ግድግዳው ያዞርክበትን ቀን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ከፋብሪካው ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ርዕሰ መምህሩ ጋ ሄጄ ሁሉንም እናገራለሁ። የልጆቹን ውጤት ይሰርዙት ይሆናል፤ በፊርማው ይከሱኝ ይሆናል፤ አላውቅም። ሐሳቤን እንዳልቀይር ብዬ በሆዳን ወረቀት ላይ ያለውን ፊርማ ሰርዤ የራሴን ስም ጽፌበታለሁ።

እንደማልረሳህ ታውቃለህ። ቃል የምገባልህ እንዴት እንደማስታውስህ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ፣ ልጆቹን የሚወድ፣ እነሱን እንዳያጣ ፈርቶ አንዴ የዋሸ መምህር ነበር እላለሁ። ሥራውን ሳይጨርስ ነው የሞተው እላለሁ።

ሰናይት