ለጊዜው ስላልተገኙት አሠሪዬ

ለተከበሩ የሙያ ብቃት ምዘና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? የመዛኞችዎ፣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኞችና የሦስተኛው መስኮት ባለሙያ ደኅንነትም ሁልጊዜ ምኞቴ ነው፤ ከእነሱ አንዱ ጉንፋን ቢይዘው የእኔ ጉዳይ አንድ ዓመት ይጨምራልና።

ለልጄም ለእህቴም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር በዚህ ግልጽ ደብዳቤ ለእርስዎ ልናገር ነው። በባለቤቴ ስም በሚጠራው የብረት ሥራ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የበየድኩት እኔ ነኝ። የእሱ ዓይን ከደከመ በኋላ እሱ ደንበኛ ያነጋግራል፣ ያለቀውን ሥራ በእጁ ዳብሶ ይፈትሻል፤ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ጭምብሌን አጥልቄ እበይዳለሁ። ካረፈ ዓመት ሆነው። በእሱ ስም ያለው የሥራ ፈቃድ በዚህ ወር ስለሚያበቃና በእኔ ስም የብቃት ማረጋገጫ ካልተገኘ ሥራ ቤቱ ስለሚታሸግ፣ በሥራ ልምድ ለተገኘ ሙያ እውቅና እንደምትሰጡ ሰምቼ መጣሁ። ስለተደረገልኝ መስተንግዶ በቅደም ተከተል ላመስግን።

አንደኛ፣ የአሠሪ ደብዳቤ እንዳቀርብ ታዘዝኩ። አሠሪዬ ባለቤቴ እንደነበረና እንዳረፈ ባስረዳም የሦስተኛው መስኮት ባለሙያ ማመልከቻዬ ላይ «አሠሪው ለጊዜው አልተገኙም» ብለው ጻፉ። «ለጊዜው» ስለምትለው ቃል ከልብ አመሰግናለሁ፤ ለቅሶ ሊደርሱ ከመጡት መካከል ይህን ያህል ተስፋ የሰጠኝ አንድም ሰው አልነበረም።

ሁለተኛ፣ የሠራሁትን ዕቃ በአካል እንዳቀርብ ተጠየቅሁ። የግቢያችሁን ትልቁን የብረት በር የሠራሁት እኔ መሆኔን ስናገር፣ ደንቡ ለማንም ስለማያዳላ በሩም እንደ ማንኛውም ዕቃ ወደ ምዘና ክፍል እንዲገባ መዛኙ ወሰኑ። ጥበቃው ደግሞ ብረት ያለ መግቢያ ፈቃድ በበሩ እንደማያልፍ ነገሩኝ። ሁለቱም ሥራቸውን አክባሪ ናቸው፤ እኔም በሩን በየትኛው በር እንደማስገባው እስካሁን እያሰላሰልኩ ነው።

ሦስተኛ፣ ማስረጃዬ ስላልተሟላ የተግባር ፈተና ተከለከልኩ። ወረፋ ስጠብቅ ግን የመዛኙ ወንበር እግሩ ተነቅሎ ከነፋይላቸው መሬት ላይ ስለተዘረፈጡ፣ እማማ እያሉም ስለለመኑኝ፣ ከመለማመጃው ክፍል ማሽን ጎትቼ በየድኩላቸው። ወንበሩ ላይ ተደላድለው ከተቀመጡ በኋላ «የተግባር ልምድ ማየት አልተቻለም» ብለው ፈረሙ። ለፊርማቸው ማማር ወንበሩ ረድቶ ከሆነ ደስታዬ ወሰን የለውም።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ የሚከተለው ቅሬታ ግን በራሴ ላይ ነው።

በመዝገብ ቤታችሁ ስለ ሥራ ቤታችን የተጻፈ አንድ ወረቀት ብቻ እንዳለ ተነግሮኛል፤ እሱም ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የቀረበ አቤቱታ ነው። የሠራነው የደረጃ መደገፊያ ተነቅሎ አንዲት ልብስ ሰፊ ወደቀች፤ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሮ እንደተጣመመ ገጠመ። ከአቤቱታው ሥር ባለቤቴ «ብየዳው የእኔ ነው» ብሎ ፈርሟል። የእሱ አልነበረም። ያን ቀን እሱ ብረት ሊገዛ ወጥቶ ነበር፤ እኔ የመደገፊያውን አንድ እግር በነጥብ ብየዳ ብቻ ለጊዜው አስይዤ፣ ኋላ እሞላዋለሁ ብዬ፣ ረስቼው ቀለም ቀባሁበት። ቀለም የተቀባ ነጥብ ሰው እስኪደገፈው ድረስ ከሙሉ ብየዳ አይለይም። እውነቱን ልናገር ስነሣ ባለቤቴ «ዝም በይ። የእኔ ዓይን እንደሆነ ሄዷል፤ የአንቺን እጅ ደግሞ አያስቀሩብን» አለኝ። ዝም አልኩ። በቀብሩ ቀን ልብስ ሰፊዋ በግራ እጇ ጨብጣኝ «እኔ እንኳ ይቅር ብዬዋለሁ» አለችኝ። ያኔም ዝም አልኩ።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው በዚያ ወረቀት ላይ የባለቤቴ ስም ተሰርዞ የእኔ እንዲገባ ነው። ቅጣት ካለው እቀበላለሁ። እንደ እኔ እንደ እኔ ግን፣ ያ ወረቀት ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ብረት እበይድ እንደነበር የሚያሳይ፣ የገዛ ማኅተማችሁ ያረፈበት ዋና ማስረጃ ነው። ይህ በቂ ካልሆነ ሥራ ቤቱን አሽጉት፤ የእሱ ስም ግን ይጽዳ።

ለትዕግሥትዎ፣ ለመስኮቶችዎ ብዛትና ለማኅተምዎ ክብር ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

የበያጅ ሚስት ስትባል የኖረች በያጅ

ማስታወሻ፦ ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ብቻዬን፣ ዕቃ ተጠቅልሎበት ከሚመጣ ጋዜጣ ነው። የመጻፍ ልምዴን የሚያረጋግጥልኝ አስተማሪ ስለሌለ፣ ይህን ደብዳቤ እንዳልተጻፈ የመቁጠር መብትዎ የተጠበቀ ነው።

ግልባጭ፦
ለልብስ ሰፊዋ። ከእርስዎ አንድ ቀን ቀድሞ ይደርሳታል፤ ይዤላት የምሄደው እኔው ነኝ።